የወርቃማው መቅደስ ማዕድ

ወደ ሐርማንዲር ሳሂብ የሚገባ ሰው ደረጃ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። በሕንድ ፑንጃብ፣ በአምሪትሳር ከተማ የሚገኘው ወርቃማው መቅደስ የሚባለው ይህ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቅዱስ ስፍራ ከአካባቢው ዝቅ ብሎ በሰው ሠራሽ ኩሬ መካከል ተሠርቷል። ከፍታ ላይ የተሠራ ደብር ለለመደ ዓይን ነገሩ እንግዳ ነው።

ጎብኚ ጫማውን ያወልቃል፤ ራሱን ይሸፍናል፤ እግሩን በደጃፉ ውሃ ይለቃለቃል። ከዚህ በኋላ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። መቅደሱም በአራቱም አቅጣጫ በር አለው።

አምስተኛው የሲኮች ጉሩ (የሃይማኖት መሪ)፣ ጉሩ አርጃን፣ ባሠሩት በዚህ ሕንጻ የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ በ1604 እ.ኤ.አ. ተቀመጠ። ወርቁ የኋላ ጊዜ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፑንጃብ ገዥ የነበሩት ማሃራጃ ራንጂት ሲንግ አስለበጡት። ካሜራው ሁሉ የሚያነጣጥረው ወደዚህ ወርቅ ነው። ትልቁ ድንቅ ግን ወጥ ቤቱ ነው።

ላንጋር ይባላል። ሌት ተቀን ይሠራል፤ በቀን ከ50,000 የማያንስ ሰው በነጻ ይመገብበታል፤ በበዓል ሰሞን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ሚኒስትሩም የቀን ሠራተኛውም መሬት ላይ በረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ምስር፣ ሩዝና ትኩስ ቂጣ ይታደላል፤ ቂጣውን ሁለት እጅ ዘርግቶ መቀበል ወግ ነው። ሥጋ አይቀርብም፤ ይህም በሃይማኖቱ ምክንያት ማንም ከማዕዱ እንዳይቀር ነው። ሽንኩርት የሚልጠው፣ ሊጥ የሚዳምጠው፣ ሰሃን የሚያጥበው በአብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ነው። እጁን ሰብስቦ የመጣ እንግዳም ልርዳ ካለ አይከለከልም።

እንግዲህ አምሪትሳር የሚደርስ መንገደኛ ፎቶ አንሥቶ ቶሎ አይውጣ፤ ይብላ፤ ከዚያም ጥቂት ሰሃን ይጠብ።