ተውኔትና የንግግር ሥልጠና በትምህርት ቤት

የአማርኛ ተውኔት ያደገው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ እንደሆነ ይታወቃል። ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ መላኩ በጎሰው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ድርሰቶቻቸውን ለመድረክ አብቅተዋል። ዛሬ ሥልጠናው በአመዛኙ ለክበባት የተተወ፣ ለወላጆች ቀን ተብሎ የሚጣደፍ፣ ጥቂት ደፋሮችን ብቻ የሚያቅፍ ነው። ሌላው ተማሪ ተውኔትን በዐይኑ አንብቦ ለፈተና ይቀመጣል።

ጉዳቱን በክፍሌ አይቻለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ቃለ ተውኔት ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ በፈተና የላቁት እንኳ ይደናገራሉ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና ፍቺው በአንባቢው ድምፅ ላይ ይወድቃል። «በጉ ይበላል» የሚለውን እንውሰድ፤ ግሡ ላልቶ ሲነበብ በጉ መስክ ላይ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን ማዕድ ላይ። ለመወሰን ዐውዱን መመርመር፣ ተናጋሪውን ማወቅ ግድ ይላል። ይህ ደግሞ ሂስ ነው።

ስለዚህ በእኔ አመለካከት የንግግር ሥልጠና ተዋናይ ማፍሪያ ብቻ አይደለም፤ የንባብ መሠረት ነው። በሳምንት አንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ሁሉ ገጸ ባሕርያትን እየተፈራረቁ ቢያነቡ፣ መምህሩም «ለምን እንዲህ አልከው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። ለዚህ መድረክም መጋረጃም አያስፈልግም።