ዝርዝር አለህ?

ጽሑፉ ሲጀምር ጸሐፊው ታክሲ ውስጥ ተቀምጧል። ወይም ዳቦ ሊገዛ ተሰልፏል፤ ወይም መብራት ጠፍቶበት ሻማ ይፈልጋል። በሁለተኛው አንቀጽ አንድ ትንሽ ነገር ይፈጠራል፦ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሊስትሮው ቀና ብሎ ፈገግ ይላል፣ አንዲት እናት መልሳቸውን ሳይቀበሉ ይወርዳሉ። በሦስተኛው አንቀጽ ጸሐፊው "ያኔ ነው የገባኝ" ይላል። ከዚያ ወዲያ ታክሲውም የለም፣ ሕፃኑም የለም። እግዚአብሔርና ጸሐፊው ብቻ ይቀራሉ፤ ሁለቱም ስለ ትዕግሥት ይነጋገራሉ።

ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳነብ ነው የኖርኩት። በሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ አንብቤዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በየስልኩ ይዞራል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይጽፈዋል፤ ስሞቹንና ጥቅሶቹን ካወጣህ የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከዕለት ተዕለት ኑሮ የእምነት ትምህርት መቅሰም ክፉ ነገር አይደለም። እንዲያውም ክርስቶስ ራሱ ያስተማረው በእርሾ፣ በመረብ፣ በዘርና በጠፋች ድራክማ ነው። እኔን የሚከነክነኝ አብዛኞቹ ጽሑፎች ያዩትን ነገር በቅጡ ሳያዩት መቅረታቸው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ በለመድኩት ላስረዳ። አንድ ፋንክሽን አለ እንበል፤ ግብዓት ትሰጠዋለህ፣ ውጤት ይመልስልሃል። ሕፃን ስትሰጠው "ታገሥ" አለህ። ዝናብ ስትሰጠው "ታገሥ" አለህ። የተበላሸ ሊፍት ሰጠኸው፤ አሁንም "ታገሥ" አለህ። ማንኛውም ጀማሪ ፕሮግራመር ኮዱን ሳይከፍት ይነግርሃል፤ ይሄ ነገር ግብዓቱን አያነብም። መልሱ ቀድሞ ተጽፎበታል። ሕፃኑ ለጌጥ ነው የገባው።

ልማዱ ከየት መጣ ቢባል አንዱ መነሻ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" ያልተማረ የኛ አገር አንባቢ ጥቂት ነው። እዚያ ተረቱ ያልቅና ምክሩ ይከተላል፤ እኛም ተረት ባየን ቁጥር ምክሩን እንጠብቃለን። ግን አንድ ልዩነት አለ። ቀበሮ የተረት ፍጥረት ናት። የተፈጠረችው ለምክሩ ስለሆነ ምክሩ ሲያልቅ ብትሞት ማንም አይበደልም። ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ የሚሸጡ እናት ግን ለእኔ ጽሑፍ ብለው አልተፈጠሩም። ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ሰፈሩን ለማያውቅ፤ ተክለ ሃይማኖት ከመርካቶ አፍንጫ ሥር ያለ ሰፈር ነው፣ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ሜክሲኮ ላይ የቆመ ወያላ የጻድቁን ስም በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሚጠራ እግዜር ይወቅ። ከዚህም ትምህርት የሚያወጣ ጸሐፊ አይጠፋም፤ እኔን ግን ይለፈኝ።

ባለፈው ነሐሴ 24፣ የጻድቁ የዕረፍት በዓል ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ሄድኩ። ያካፋል። በሩ አጠገብ ጧፋቸውን በፌስታል ሸፍነው ጃንጥላ ሥር የተቀመጡ እናት አሉ። ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ ማለቴ ፊታቸውን። ሁለት ጧፍ ወሰድኩና መቶ ብር መስሎኝ በእጄ የነበረውን ሰጥቼ "እማማ፣ መልሱን ስወጣ እቀበላለሁ" ብዬ አለፍኩ። ጥቂት እንደሄድኩ "ልጄ! አንተ ልጅ!" ሲሉ ሰማሁ። ተመለስኩ። የሰጠኋቸው ሁለት መቶ ኖሯል።

ያን ማታ ጻፍኩት። በጽሑፌ ውስጥ እኚህ እናት በዝናብ እየሮጡ ተከተሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይናቸው ውስጥ ሰላም አየሁ። (ጨለማ ነው እኮ፤ የት አየሁት!) ማብቂያው ላይ፣ እግዚአብሔርም እንዲሁ ሳናውቅ የጣልነውን ይዞ ከኋላችን ይጠራናል አልኩ። ጽሑፉ ተወደደ፤ ሰው ለሰው ላከው።

መስከረም 24 ስመለስ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ፣ ስለ እሳቸው መጻፌን ነገርኳቸው፤ ስልኬን አውጥቼም አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ሳቁ።

"እኔ እኮ የጠራሁህ ዝርዝር አለህ ወይ ልልህ ነው።"

ከእኔ በፊት የገዛች አንዲት ልጅ ትልቅ ብር ሰጥታቸው መልሷን እየጠበቀች ነበር። እሳቸው ደግሞ መልስ የላቸውም። እኔ ሌላ ትልቅ ብር ጣል አድርጌ ሄድኩ። ጠሩኝ፤ ዝርዝር ስፈልግ የስልኬን መብራት አበራሁ፤ ያኔ ነው ኖቱ ሁለት መቶ መሆኑን አብረን ያየነው። የሮጠ ሰው የለም። ሲነግሩኝ ሁሉም ትዝ አለኝ። የሚከፋውም ይሄ ነው፤ ሳልጽፍ የቀረሁት ረስቼው አልነበረም። ለትምህርቱ ስላልጠቀመኝ ትቼው ነው።

ምን እንደተውኩ ልቁጠረው። በበዓል ንጋት ዝርዝር ያጣች ነጋዴ ጭንቀት ቀረ። መልሷን እየጠበቀች በካፊያ የቆመች ልጅ ቀረች። ጧፉ ከየት እንደሚመጣ፣ በዱቤ ይሁን በእጅ በእጅ፣ ሳይሸጥ ያደረው የማን ኪሳራ እንደሚሆን አልጠየቅሁም። ታማኝነታቸውን አልጠራጠርም፤ ብሩን ሲያዩ ሳያመነቱ ነው የመለሱልኝ። እኔ ግን ታማኝነቱን ከነበረበት ቦታ ነቅዬ፣ ሩጫና የሚንቀጠቀጥ እጅ ጨምሬ፣ ድሃ የሆነች ቅድስት አደረግኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ የቆየ ታሪክ ደጋግሜ ተመልሻለሁ፤ ወደ በላዔ ሰብእ። ታሪኩ በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለ ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በቤተ ክርስቲያን መነበቡ የጸና ነው። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ በላዔ ሰብእ የማይነሣበት ደብር ያለ አይመስለኝም። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ ውኃ የጠማው ድሃ ያገኛል። ድሃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይለምነዋል፤ እንቢ ይላል። ስለ ጻድቃን ስለ ሰማዕታት ይለዋል፤ እንቢ። ስለ ድንግል ማርያም ሲለው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ሞቶ ለፍርድ ሲቀርብ ሰባ ስምንቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላ ወገን ይመዘናሉ። እመቤታችን ጥላዋን ስትጥልበት ሚዛኑ ወደ ውኃው ያጋድላል።

በዚህ ታሪክ ላይ ክርክሩ የቆየ ነው፤ የሰባ ስምንት ሰው ደም በጥርኝ ውኃ እንዴት ይታለፋል የሚል። ለዚያ ክርክር ሊቃውንት አሉት። እኔን የያዘኝ አተራረኩ ነው። ስብከቱ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ትንሽ በጎ ሥራ አትናቁ" የሚለውን ነው፤ በየስልኩ የሚዞረው ጽሑፍ ቢሆን እዚህ ላይ አሜን ብሎ ያበቃል። ታሪኩ ራሱ ግን ከዚህ ይሻክራል። በላዔ ሰብእ ውኃውን ሲሰጥ "ያኔ ነው የገባኝ" አይልም።  የፈጣሪ ስም ተጠርቶ አለመስጠቱም አለ፤ ይህን ሰምቶ የማይደነግጥ አማኝ የለም፤ ተራኪው ግን ለማለስለስ አልሞከረም። ውኃው ብቻውን ሚዛን አልደፋም፤ ከሌላ ወገን የመጣ ጥላ አስፈልጎታል። የዚያች ቅጽበት ትርጉም በሰጪው እጅ አልነበረም ማለት ነው። የተገለጠው ኋላ ነው፤ የገለጠውም ሌላ ነው።

ደግሞ የተጠማው ሰው አለ። የደረሰው ጥርኝ ብቻ ነው፤ በሚዛኑ ጊዜ የሚያነሣው የለም። ሠዓሊዎቹ ግን አልተዉትም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይህ ታሪክ ሲሣል ሚዛኑ ብቻውን አይሣልም፤ ብዙ ጊዜ ውኃው ሲሰጥም አብሮ ይሣላል። ሥዕሉ ፊት የሚቆም ሰው ፍርዱን ባየበት ዓይን ጥማቱንም ያያል። እኔ በጽሑፌ ሚዛኑን ስዬ ውኃውን የደፋሁት ነኝ።

ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "አንተ የጎደለህ አንድም ነው" አለኝ። ቀልዱ እውነት አለው። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጥና "አንድም" ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ የፊተኛው ግን አልተሻረም። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው የሚታወቁት የትርጓሜ ወገኖችም ልዩነታቸውን ይዘው ነው የኖሩት። ተማሪው ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል። የታክሲው ጽሑፍ አንድም የለውም፤ አንድ ፍቺ፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። እስቲ በእኔው ላይ ልሞክረው፦ እማማ የጠሩኝ ዝርዝር ፈልገው ነው። አንድም፣ የቆመችው ልጅ አሳዝናቸው ነው። አንድም፣ ብር ጥሎ የሚሮጥ ወጣት ገርሟቸው ነው። አንድም፣ ከዓመታት በኋላ ቆም ብሎ እንዲያናግራቸው ነው። የመጨረሻውን እኔ ጨመርኩት፤ ሊቃውንት ይቅር ይበሉኝ።

በሉቃስ ወንጌል 15 ያለችው ሴትም እንደዚሁ ናት። ከአሥር ድራክማ አንዱ ጠፍቶባት መብራት ታበራለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ስታገኘው ጎረቤት ትጠራለች። ሴትየዋ ብሩን የምትፈልገው ምሳሌ ለመሆን አይደለም፤ ገንዘቧ ስለሆነ ነው። ምሳሌው የሚቆመው ያ ፍለጋ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ከመንፈሳዊው ወጣ ብንልም፣ መስፍን ሀብተ ማርያም ለአንዱ የወግ መጽሐፉ "የቡና ቤት ስዕሎች" ብሎ ስም ሲያወጣ ዓይኑ የት እንዳረፈ ከርዕሱ ይታወቃል። የእኛ ርዕሶች "ጽናት"፣ "ምሕረት"፣ "የእግዚአብሔር ጊዜ" ናቸው። ርዕሱ ላይ ከደረስን ወዲያ ማየቱ ምን ይሠራል?

እስካሁን የጻፍኩት ለእኔ ይመቸኛል። የማይመቸኝ አንድ መልእክት አለ። የማላውቃት ሴት የጧፉን ጽሑፍ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ወንድሟን ስታስታምም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንዳነበበችውና ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንደወሰዳት ጽፋልኛለች። ከኋላ እየሮጠ የሚጠራት አምላክ አጽናናት። ያ ሩጫ የእኔ ፈጠራ ነው። ምን ልበላት? ሰው በዚያ ሰዓት አንድም አይፈልግም፤ አንድ ቃል ይፈልጋል። እናቴም እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን በየቀኑ ትልክልኛለች፤ እሷን የያዟት እነሱ ከሆኑ የእኔ ትችት ከምን ይቆጠራል? ዝርዝር ፍለጋው ተጽፎ ቢሆን ያቺን ሴት ያጽናናት ነበር ብዬ ማመን እፈልጋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ስልክ መብራት አንድ ብር ሲያዩ። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ወንድሟ ድኖ እንደሆነም አልጠየቅኋትም ነበር። ይህን አንቀጽ ስጽፍ ነው የጠየቅኋት፤ መልስ አልመጣም።

ጽሑፉን አጠፋሁት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ጥቅምት 24 ለእማማ ነገርኳቸው። አሁን አልሳቁም።

"ለምን አጠፋኸው?" አሉ። የጎረቤታቸው ልጅ ቤይሩት ላለችው ልጃቸው ልኮላት ነበር። ልጅቱ በደወለች ቁጥር ስለ እሱ ታነሣለች፤ ለጓደኞቿ አሳይታዋለች። አሁን ስትከፍተው የለም ይላታል።

"ሩጫው ውሸት ነው እኮ፣ እማማ።"

"እሱን አውጣውና መልሰው።"

ቤቴ ገብቼ እንደገና ጻፍኩት። የቆመችውን ልጅ፣ የስልኩን መብራት፣ "ዝርዝር አለህ" የሚለውን አስገባሁ። እግዚአብሔርን በመጨረሻው መስመር አላስገባሁትም፤ ካለ አለ። ኅዳር 24 ወስጄ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ አረሙኝ፤ ያን ቀን የወሰድኩት ጧፍ ሁለት ሳይሆን ሦስት ነበር።