ዘፈንን ገዝቶ ስለ መስማት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፥ የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መኪናውን ስለሚያዘገየው ሁለት መንገደኞች እስኪተዋወቁ ድረስ ጊዜ ይሰጣል። በቅርቡ በዚሁ መንገድ ስወርድ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ተማሪ በስልኩ ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ዘፈን እንዳለው በደስታ ነገረኝ። «ከዚህ ሁሉ ስንቱን ገዛኸው?» ብዬ ብጠይቀው ጥያቄው እንግዳ ሆነበትና ሳቀ። «ጋሼ፥ ዘፈን እኮ ይጫናል እንጂ አይገዛም» አለኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልጅ ሌባ ነው ብለህ አትፍረድበት። ከመናኸሪያ ስንነሣ ለአንዲት እናት የመስኮቱን ወንበር ሲለቅላቸው አይቻለሁ፤ ከሰኞ ገበያም አንዲት ብርቱካን ሳይከፍል የሚያነሣ ሰው አይመስለኝም። ነገር ግን ብርቱካኑን ሲያነሣ ሻጭዋ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ዘፈኑን ሲያነሣ ማንም አያየውም፥ እሱም ማንንም አያይም። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንዳንድ ሰው «የእኛ ዜማ ከጥንት ጀምሮ የማንም የግል ሀብት አልነበረም፤ ዛሬ ማን ባለቤት አደረገው?» ይላል። እውነት ነው፥ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ በዚሁ በወሎ ምድር ስም ይጠራሉ፤ መጀመሪያ ያዜማቸውን ሰው ግን የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አዝማሪው «ዜማው የአባቶችህ ነው» ተብሎ በባዶ እጁ ይሸኝ ነበርን? ሰሚው ተነሥቶ ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት ነበር እንጂ። ዋጋው ለቅኝቱ ሳይሆን በዚያች ሌሊት ለደከመው ጉሮሮና ለደከሙት ጣቶች ነበር።

ሸክላ በመጣ ጊዜ ሰሚውና ዘፋኙ ተለያዩ፤ ሆኖም በመካከላቸው አንድ የሚጨበጥ ዕቃ ቀረ። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፥ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ክልከላውን ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላዎቹን መጀመሪያ በሕንድ፥ ኋላም በሊባኖስ እያሳተመ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ገዢ ባይኖር ኖሮ ከነዚህ አንዱም ባልተሠራ ነበር።

ከዚያም ካሴት መጣ። በደሴ ፒያሳ ካሴት የገዛ ሰው ቤቱ ሳይደርስ ሽፋኑን አንብቦ ይጨርስ ነበር፤ ግጥሙ የማን፥ ዜማው የማን፥ ቅንብሩ የማን እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። ካሴትም ይገለበጥ እንደነበር አልክድም፤ እኔም ከጓደኛዬ ወስጄ ገልብጫለሁ። ነገር ግን የገለበጥሁት ካሴት ሽፋን ስለሌለው እንግዳ ሲመጣ ከኋላ እደብቀው ነበር።

ሲዲ ካሴትን ሻረ፤ ሚሞሪ ካርድም ሲዲን ሻረ። ዛሬ ሙዚቃ በሚጭን ሱቅ ውስጥ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይሞላልሃል፤ በቴሌግራም ደግሞ ያለ ጥቂት ብርም ይገኛል። ልብ በል፤ ለጫኚው ትከፍላለህ፥ ለዘፋኙ ግን አትከፍልም። የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፥ ሕግ ወደ እያንዳንዱ ኪስ ገብቶ ስልክ አይፈትሽም።

«ታዲያ ከየት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ወቅት ተገቢ ነበር። በውጭ አገር አፕል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ ዘፈን በ99 ሳንቲም (ይኸውም የአሜሪካ ሳንቲም ነው) በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር፥ በብር ብቻ የሚገበያይ የደሴ ወጣት በሩን ከሩቅ ከማየት በቀር ሊገባበት አልቻለም። በ2011 ዓ.ም. ግን ኤልያስ መልካ ከጆኒ ራጋ፥ ከኃይሌ ሩትስና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ አቋቋመ፤ ገዢውም ከስልኩ ሒሳብ እንዲከፍል ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተስማሙ። የባንክ ካርድ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ መውረድም አያስፈልግም። ኤልያስ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዐረፈ። ብዙ አልበም ያቀናበረ ሰው በመጨረሻ ዘመኑ ከዜማው ይልቅ ስለ መሸጫው መጨነቁ በእኛ በሰሚዎቹ ላይ የሚናገረው ነገር አለው።

የደሴ ወጣት ሌላ መልስ አለው፥ እሱንም ማዳመጥ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከተሞቹ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ገደማ በተያዙ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ዘፈን የሰማው ሰው ሚሞሪ ካርዱን የሞላው ነው፤ በኢንተርኔት እያፈሰሰ የሚሰማው ወገን ጆሮው ጦሙን አደረ። ስለዚህ ወጣቱ በእጁ የሚቀር ነገር መፈለጉ ስሕተት አይደለም። እንዲያውም ለሻጮቹ የምነግራቸው ይህን ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ዘፈን መረብ ቢቋረጥም፥ መሸጫው ቢዘጋም ከገዢው ዘንድ ሊቀር ይገባዋል። በዚያ በጨለማ ወር ያጽናናው ድምፅ ዋጋ ሳይከፈልበት መቅረቱን ግን ይህ ምክንያት አይሸፍነውም።

ወደ መንገዳችን ልመለስ። ቦርከናን ልንሻገር ስንል ልጁ አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝና አንድ የአምባሰል ዘፈን አሰማኝ። ካሴቱን ከብዙ ዓመት በፊት የገዛሁት ስለሆነ ወዲያው አወቅሁት። ዘፋኟ ማን እንደሆነች ብጠይቀው ስልኩን ተመለከተ፤ «ኦዲዮ 17» ይላል። ስሟን ነገርሁት፥ እሱም በስሙ ቦታ ጻፈው። ከዚያም «ክራሩን የሚመታውስ?» አለኝ። ይህንን አላስታወስሁም።

ማታ ደሴ ተመልሼ ከሣጥን ውስጥ ሽፋኑን አወጣሁ። የክራር መቺው ስም ከታች፥ ከማተሚያው ስም በላይ ተጽፏል። የልጁን ስልክ ቁጥር ግን አልተቀበልሁም ነበር።