ከአንድ ጣቃ ያልተቆረጠ ቀለም

በአንድ ድረ ገጽ ላይ ቀለም በሁለት መንገድ ይመጣል። የገጹ መደብ፣ በሥራው ቋንቋ ባክግራውንዱ፣ በሲኤስኤስ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ብራውዘሩ አንብቦ ራሱ ይቀባዋል። ምስሉ ግን ቀለሙን በፋይሉ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲጎራበቱ ጥቂቷ ልዩነት እንኳ መስመር ሆና ትታያለች። በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለፈ ሰው ይህ አይገርመውም፤ በሁለት ጊዜ የተነከረ አንድ ቀለም ለየብቻ ሲያዩት ያው ነው፣ ሲሰፋ ግን ይለያል። ልብስ ሰፊ የአንዱን ቀሚስ ጨርቅ በሙሉ ከአንድ ጣቃ የሚያስቆርጠው ለዚህ ነው።

ለድረ ገጽ ሥራ አዲስ የሆነ ሰው «መደቡ ላይ የትኛውን ቁጥር ልጻፍ?» ብሎ ይጠይቃል። በገጹ ላይ የሚቀመጠውን ሎጎ ቀለም ለቅሞ ለገጹ ይሰጣል፣ በራሱ ስክሪን ላይም ይገጥምለታል። ችግሩ ከቁጥሩ አይደለም፤ ቁጥሩ መንገድ ላይ ይለወጣል።

መጀመሪያ የሚለውጠው የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም ቁጥሩ የትኛውን ቀለም እንደሚወክል የሚናገረው መረጃ ነው። ተራው የሲኤስኤስ ቁጥር የሚነበበው ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ኤስአርጂቢ ነው። በአዶቤ አርጂቢ የተነሣ ፎቶ ፕሮፋይሉ ከወደቀበት ደብዝዞ ይወጣል። ከአይፎን 7 ወዲህ ያሉት አይፎኖችም ፒ3 በተባለው ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ያነሣሉ። ስለዚህ ምስሉ ከመውጣቱ በፊት ወደ ኤስአርጂቢ ኮንቨርት ይደረጋል። አሳይን ማድረግ፣ ማለትም ሌላ ፕሮፋይል ብቻ መለጠፍ፣ ግን ቁጥሩን እንዳለ ትቶ መልኩን ያበላሻል።

ሁለተኛው ጄፔግ ነው። የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሩ 7፣ 137፣ 48 የሆነ ወጥ አረንጓዴ በጄፔግ ተቀምጦ ሲከፈት አንድ ሁለት ቁጥር ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ በፊደሎች ዙሪያ ደግሞ ጉድፍ ይበተናል። በቃሊቲ ቆርቆሮና ብረት የሚሸጥ ደንበኛ ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልክ የሚደርሰው ይኸው ነው፤ ምስሉ ይታመቃል፣ ክፍት የነበረው መደብም ይደፈናል። «እባክዎ እንደ ፋይል ይላኩልኝ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር የስንት ሰዓት እርማት ያስቀራል።

ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ቢታለፍ እንኳ ኦፔራ ሚኒ ምስሉን በራሱ ሰርቨር ላይ እንደገና አሳንሶ ለአንባቢው ስልክ ሊልክ ይችላል፤ ይህ የምስል እመቃ የመደቡን ቁጥር ግን አይነካም። ቀለምን ከቀለም ማመሳሰል የማያዛልቅ ድካም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የሚያዋጣው ስፌቱን ማስቀረት ነው፦ ሎጎ በኤስቪጂ ወይም መደቡ ክፍት በሆነ ፒኤንጂ ይቀመጥ፣ በስተኋላው የሚታየውም የገጹ ቀለም ብቻ ይሁን። ያኔ የሚገጥም ነገር ስለሌለ የሚሳሳት ነገር የለም። በርግጥ ከነጭ ላይ የተቆረጠ ሎጎ ጠርዙ ላይ ግማሽ ነጭ ፒክስሎች ይቀሩበታል፤ ገጹ ወደ ጥቁር ሲዞር እንደ ክር ዘርፍ ያበራሉ። መድኃኒቱ ጠርዙን መላጨት አይደለም፣ የመጀመሪያውን የዲዛይን ፋይል መጠየቅ ነው።

የዕቃ ፎቶ ለብቻው ይታያል። ቀይ የተቀባ ቆርቆሮ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ሲያነሡት ጨርቁ ነጭ ሆኖ አይቀርም፤ ከቆርቆሮው አጠገብ ቅላቱ አርፎበት ወደ ሮዝ ያደላል፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ራቅ ሲል ግራጫ ይሆናል። አንድ ጋት በማይሞላ ቦታ ሦስት ነጭ! ያንን ሁሉ ጎትቶ 255 ላይ፣ ማለትም ንጹሕ ነጭ ላይ፣ ማድረስ ጥላውን ይበላዋል፣ ቆርቆሮውም አየር ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው በጠዋት ፀሐይ የተሰጣ ጋቢ ሲያይ እንኳ ዓይኑ ነጩን ከነጩ መለየት ይጀምራል፤ ከሙያው ካገኘው ሁሉ የሚወደውም ይህንን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ የሚሻለው ጠርዙን ሳይደብቁ፣ ዙሪያውን በቂ ባዶ ቦታ ትተው እንደ ፎቶ ማስቀመጥ ነው።

የመጨረሻው ፍተሻ በሠሪው ስክሪን ላይ ብቻ አያልቅም። መጀመሪያ የገጹ ስክሪንሾት ሌቭልስ በተባለው የፎቶ ማረሚያ መሣሪያ እስኪጨልም ይገፋል፣ የተደበቀ መስመር ካለ ይወጣል። ከዚያ ገጹ በርካሽ ስልክ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተከፍቶ ይታያል፤ ስልኩን ወደ ግራና ቀኝ እያዘነበሉ።