ኑዛዜን ለሞት አልጋ አናቆየው



በላስታ ደጋ፣ እንደ ሌላው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ ኑዛዜ የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ በሽተኛው ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። አባት «በሬዎቹን ለታላቁ ልጄ ሰጥቻለሁ» ይላል። የሰማ ሁሉ «አላህ ዓፊያ ያድርግህ» ብሎ ይበተናል። እናትየዋን ግን «አንቺስ ምን ትናዘዣለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ይህን ልማድ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም፤ በሸሪዓም ሆነ በመንግሥት ሕግ ፊት አይቆምምና።

ከሸሪዓ እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ሰዕድ ቢን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ታመው ሊናዘዙ በጠየቁ ጊዜ ወራሻቸው አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። ነቢዩም ከሲሶ እንዳያልፉ፣ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ ነገሯቸው። ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በስተቀር ለወራሽ መናዘዝም የለም። እንግዲህ «በሬዎቹን ለታላቁ ልጄ» ያለው አባት አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ-ኒሳእ ለሴት ልጆቹና ለሚስቱ ከመደበው ድርሻ መቀነሱ ነው። ከውርስ በፊት ደግሞ ዕዳ ይከፈላል። ሳይከፈል የቆየ የሚስት መህርም ዕዳ ነው። ይህን በወረቀት ያሰፈረ ባል ከመካከላችሁ ስንቱ ነው?

ወደ መንግሥት ሕግ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል መናዘዝን ይፈቅዳል። የሚፈቅደው ግን ለሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ስለሚሾም አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ ደግሞ ኑዛዜው ይፈርሳል። 500 ብር ያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ደህና በግ እንኳ አይገዛም። ቁጥሩ ከኑሮው ጋር አለማደጉ የሕጉ ጉድለት ነው። ጉድለቱ እስኪቃና ግን የሚጎዱት የእናንተው ልጆች ናቸው።

አንዳንድ ባልና ሚስት ደግሞ «እኛ አንድ ነን» ብለው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ። መዋደዳቸው ደስ ያሰኛል፤ ሰነዱ ግን ዋጋ የለውም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 858 ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉትን ኑዛዜ ፈራሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ባልም ሚስትም ተመካክረው የየራሳቸውን ይጻፉ።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ራሱ በእጁ የሚጽፍ ሰው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይግለጽ፤ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያኑር። በሰባት ዓመት ውስጥ ለውልና ማስረጃ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስረከበው ግን ይፈርሳል።

በውስጡስ ምን ይጻፍ? ዕዳችሁን፣ ያልተከፈለ መህርን፣ በእጃችሁ ያለ የሰው አማና፣ ለልጆቻችሁ የምትሾሙትን ሞግዚት፣ ከሲሶ ሳያልፍ ለመስጂድ ወይም ለማይወርስ ችግረኛ ዘመድ የምትተዉትን ጻፉ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለታችሁም ስም ካለ ባል በሚስቱ ድርሻ ላይ ሊናዘዝ አይችልም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ይገልጻል። ከወራሾች አንዱ እምቢ ካለ ክርክሩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ኑዛዜያችሁ በሁለቱም ዘንድ የሚቆም ይሁን። አንዱን ቅጂ ከቤት ውጭ አኑሩ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ይህ ለምን እንደሚባል ያውቃል።

ውድ ባሎች ሆይ! ስለ ኑዛዜ ማውራት ሞትን አያቀርብም። የሚስታችሁን መህርና የሴት ልጆቻችሁን ሐቅ በጤናችሁ ጊዜ ጻፉ። ውድ እህቶችም፣ የራሳችሁን ኑዛዜ ለመጻፍ ማንም እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። አላህ ሐቅን ለባለሐቁ ከሚያደርሱት ያድርገን።