ጉድለትን ከጉድለት መለየት፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎች ሙያ አመዛዘን

የሰውን ሥራ መመዘን ከመሥራት የቀለለ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሚዛኑ የተዛባ እንደሆነ ወርቁ መዳብ፣ መዳቡም ወርቅ ሆኖ ይገመታል፤ ሠራተኛውም ባላጠፋው ይነቀፋል፣ ወይም ባልደከመበት ይመሰገናል። ይህ በየሙያው የሚደርስ ቢሆንም፣ በዘመናችን ጎልቶ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች የሚሰጠው ፍርድ ነው። ወጣቶች ሲከራከሩ፣ «የዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ሰነፎች ናቸው፤ የዚያኞቹ ግን ሊቃውንት ናቸው» ሲባል እንሰማለን። ተናጋሪው ማስረጃውን ቢጠየቅ የሚያቀርበው የሥዕሉን ማማር ወይም መደብዘዝ ብቻ ነው። እኛ ግን የሥዕል ማማር ብቻውን የሙያ ምስክር ሊሆን አይችልም እንላለን። ምክንያታችንንም በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንሶል ማለት በተለይ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ ኮምፒዩተር ነው። ባለቤቱ እንደ ሌላው ኮምፒዩተር የውስጥ አካሉን እየለወጠ ሊያጠነክረው አይችልም፤ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ለአንድ ኮንሶል ጨዋታ የሚሠሩ ሁሉ፣ እኩል ተለክቶ እንደ ተሰጣቸው ገበሬዎች፣ በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ያርሳሉ። የሠሪን ችሎታ ለማወዳደር ከኮንሶል የተሻለ ሜዳ የማይገኘውም ስለዚህ ነው። ሆኖም መሬቱ እኩል ቢሆንም፣ በሬውና ዘሩ፣ የእርሻውም ጊዜ ለሁሉ እኩል አይደለም። ይህን የሚዘነጋ ዳኛ ፍርዱ ይጎድላል።

የቅኔ መምህር ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤቱ፣ መወድስንም በስምንት ቤቱ ይመዝናል እንጂ፣ ጉባኤ ቃናው አጠረ ብሎ ተማሪውን አያዋርድም። በጠበበው ቤት ሰምና ወርቁን አስማምቶ ላስገባ ደቀ መዝሙር ምስጋናው አይነፈገውም። የጨዋታ ሠሪም እንዲሁ በተሰጠው ቤት ልክ ሊመዘን ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት በጨዋታ ላይ የሚታየው ጉድለት በሦስት ይከፈላል። አንደኛው መሣሪያው ራሱ የሚያመጣው የግድ ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው ሠሪው አንዱን ለማግኘት ሌላውን ሲተው የሚመጣው የምርጫ ጉድለት ነው፤ ሦስተኛውም ሥራው ሳይበስል ለገበያ በመቅረቡ የሚታየው የችኮላ ጉድለት ነው። ሦስቱም በመስኮቱ ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን ስለ ሠሪው የሚመሰክሩት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከግድ ጉድለት እንጀምር። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1977 ያወጣው፣ በኋላ አታሪ 2600 ተብሎ የተጠራው ኮንሶል፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ የነበረው 128 ባይት ብቻ ነው። ይህም ለአንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ቢሰጥ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ጽሑፍ የሚይዝ ቦታ ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል አጠራቅሞ የሚያስቀምጥበት ሥፍራ ስላልነበረው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው የቴሌቪዥኑ ጨረር ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እየተከተለ፣ መስመር በመስመር ሥዕሉን ማዘዝ ነበረበት። ጨረሩ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደ ሚቀጥለው እስኪያልፍ ድረስ መሣሪያው የሚያገኘው 76 የሥራ ምት ብቻ ነው። ተንቀሳቃሽ ተደርገው የተዘጋጁለትም ሁለት የተጫዋች ምስሎች፣ ሁለት ጥይቶችና አንድ ኳስ ብቻ ነበሩ።

ለዚህ መሣሪያ በ1982 ሁለት ጨዋታዎች ወጡ፤ ሁለቱም በ4 ኪሎባይት ካርትሪጅ ውስጥ የተጻፉ ናቸው። አንደኛው ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ካወጣው የአዳራሽ ጨዋታ የተገለበጠው «ፓክ ማን» ሲሆን፣ ጸሐፊው ሚስተር ቶድ ፍራይ ነበሩ። ሁለተኛው ሚስተር ዴቪድ ክሬን አክቲቪዥን ለተባለው ኩባንያ የጻፉት «ፒትፎል» ነው። የመጀመሪያው በብዙ ሚሊዮን ቢሸጥም ክፉኛ ተነቀፈ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ታዲያ አንዱ ሠሪ ሰነፍ፣ ሌላው ሊቅ ነበሩ እንበልን?

ነገሩን እንመርምር። «ፓክ ማን» አራት መናፍስትና አንድ የሚያሳድዱት በላተኛ፣ በጠቅላላው አምስት ተንቀሳቃሾች ያስፈልጉታል፤ መሣሪያው ግን የሰጠው ሁለት ምስል ነው። ስለዚህ መናፍስቱ በየተራ እየተሣሉ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር። የብልጭታው መኖር ግድ ነው፤ መጠኑ ግን ግድ አልነበረም። ይኸውም ከዚያ በኋላ ለዚሁ መሣሪያ በ8 ኪሎባይት የተሠራው «ሚስ ፓክ ማን»፣ ምስሎቹ በአንድ መስመር ላይ ካልተገናኙ በቀር ብልጭታውን እንደ ቀነሰው ታይቷል። ከዚህም ሌላ የግድግዳውና የመደቡ ቀለም ከአዳራሹ ጨዋታ እንዲለይ ተደርጓል። መሣሪያው በአሜሪካ ቴሌቪዥን 128 ዓይነት ቀለም ማውጣት ይችል ስለነበር፣ ይህኛው ጉድለት በመሣሪያው ሊመካኝ አይችልም። እንግዲህ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉድለት ተቀላቅሎ እናገኛለን፤ ነቃፊዎቹ ግን ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከተቱት።

«ፒትፎል» ደግሞ 255 የጫካ ትዕይንቶች አሉት። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ የተጫዋቹን ሥዕልና የጨዋታውን ሕግ ጨምሮ በ4 ኪሎባይት ውስጥ ማስገባት እጅግ ያስቸግር ነበር። ሚስተር ክሬን ግን ትዕይንቶቹን አልመዘገቡም። አንድ ቁጥር ይዘው፣ ከእርሱ የሚቀጥለውን ቁጥር የሚያወጣ፣ ወደ ኋላም የሚመልስ አጭር የስሌት ሕግ ጻፉ፤ ዛፉ የት እንደሚቆም፣ ጉድጓዱ ወይም መሰላሉ የት እንደሚሆን የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። በእኛ ፍርድ እውነተኛ የሙያ ብልሃት ማለት ይህ ነው፤ ተመልካቹ በዓይኑ አያየውም፣ ጥቅሙን ግን በእጁ ያገኘዋል። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። «ፒትፎል» ከመጀመሪያው በመሣሪያው ልክ የተቆረጠ ልብስ ነው፤ «ፓክ ማን» ግን ለሌላ ሰውነት የተሰፋ ልብስ ነበር። ስለዚህ የ«ፒትፎል»ን ጸሐፊ ስናመሰግን፣ የ«ፓክ ማን»ን ጸሐፊ አላዋቂ ለማለት ማስረጃ አላገኘንም።

ወደ ምርጫ ጉድለት እንለፍ። ሶኒ በ1994 በጃፓን ያወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 2 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪና 1 ሜጋባይት የሥዕል ሜሞሪ ነበረው። ዕቃና ሰው የሚሠሩት ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሲሆን፣ መሣሪያው የትኛው ሦስት ማዕዘን ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ በራሱ አይለይም ነበር፤ በላያቸው የሚለጠፈውም ሥዕል ተጫዋቹ ሲቀርብ ይጣመማል። ኖቲ ዶግ የተባለው ድርጅት በ1996 «ክራሽ ባንዲኩት»ን ሲያወጣ፣ የተመልካቹ ዓይን በተወሰነ መንገድ ላይ ብቻ እንዲጓዝ አደረገ። ዓይኑ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ ከታወቀ፣ የሚታየውና የሚሸፈነው አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። ስለዚህ ይህን ከባድ ስሌት በሠሪዎቹ ቤት ባሉ ኃይለኛ ኮምፒዩተሮች ጨርሰው ውጤቱን በዲስኩ ላይ ጻፉት፤ ኮንሶሉም ከዲስኩ እያነበበ ይሥል ነበር። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ሰውነት በአብዛኛው በተለጠፈ ሥዕል ሳይሆን በቀለም ብቻ በመሥራታቸው፣ መጣመሙ አልታየበትም። የከፈሉትም ዋጋ አለ፤ ተጫዋቹ ዓይኑን እንደ ፈቀደ ማዞር አይችልም። ይህ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ታስቦበት የተከፈለ፣ ትርፉም የታየ ጉድለት ነው።

የዚህን ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው፣ ሚስተር ፉሚቶ ኡዌዳ የመሩት «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ»፣ 32 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪ ባለው መሣሪያ ላይ እንደ ተራራ የገዘፉ ፍጡራንን ያንቀሳቅሳል፤ ተጫዋቹም በፀጉራቸው ተንጠልጥሎ ይወጣባቸዋል። ከዚህ የተነሣ ሥዕሉ በሰኮንድ 30 ጊዜ መለወጥ ሲገባው ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ እንቅስቃሴውም ይንቀራፈፋል። ፍጥነቱን ብቻ የሚለካ ዳኛ ሠሪዎቹን ሊጥላቸው ይችላል። እኛ ግን መሬቱ ራሱ ሕይወት ኖሮት የሚንቀሳቀስበትን ጨዋታ በዚያ መሣሪያ ላይ ማስገኘታቸውን ከፍ ያለ ሙያ እንለዋለን። ይህን ስንል የተንቀራፈፈበትን ተጫዋች ቅሬታ መናቃችን አይደለም፤ እጁ ያዘዘው ዘግይቶ ሲፈጸም የሚያዝነው በእውነት ነው። የምርጫ ጉድለት በዓላማው ይመዘናል እንጂ በዓላማው አይሰረዝም።

ሦስተኛው፣ ማለትም የችኮላ ጉድለት፣ ከሁሉ ይልቅ ፍርድ የሚዛባበት ነው። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ «ሳይበርፓንክ 2077»ን በታኅሣሥ 2020 ሲያወጣ፣ በ2013 በወጡት በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ ጨዋታው እጅግ ተበላሽቶ ታየ። ሶኒም በዚያው ወር ከኢንተርኔት መደብሩ አነሣው፤ የመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። ብዙ ሰዎች ወዲያው ፕሮግራም ጸሐፊዎቹን ችሎታ የሌላቸው ሲሉ ሰደቧቸው። ነገር ግን ይኸው ኩባንያ በ2015 ለእነዚሁ ሁለት ኮንሶሎች «ዊቸር 3»ን አውጥቶ ከፍ ያለ ምስጋና አግኝቶ ነበር። ሙያ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት ተኖ አይጠፋም። በጥር 2021 ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ሚስተር ማርቺን ኢቪንስኪ በአደባባይ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ጨዋታውን ለማውጣት የወሰኑት እርሳቸውና የበላይ አመራሩ እንደሆኑ፣ ሠራተኞቹም እንዳይወቀሱ ተናገሩ። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ላይ የታየው ጉድለት ስለ ሠሪዎቹ እጅ የሚመሰክረው ጥቂት ነው፤ ስለ ቀን ቆራጮቹ ግን ብዙ ይመሰክራል።

«ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ ተበላሽቶ ስለ ሠራተኛው ችግር ምን አገባኝ?» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። አባባሉ እውነት አለው። ገዢ ዕቃውን የመንቀፍ፣ ገንዘቡንም የመጠየቅ መብት አለው። ነገር ግን ሥራን መፍረድና ሠራተኛን መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለመጀመሪያው ዓይን ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን የመሣሪያውን አቅም፣ የተሰጠውን ትእዛዝና የተፈቀደውን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል መወርወር፣ በሌሊት ከሁለትና ሦስት ኪሎባይት ጋር ሲታገል ያደረን ሰው ልፋት እንደ ምንም መቁጠር ነው። ጉዳቱም በሚነቀፈው ላይ ብቻ አይቀርም። ሙያና ሀብት ሳይለዩ ሲቀሩ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሠራተኛ ያለው ሁሉ ሊቅ ይባላል፤ በጥቂት አቅም ታላቅ ብልሃት ያወጣው ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ ከእርሱም የሚማር አይገኝም።

ስለዚህ የጨዋታ ሠሪን ሙያ ለመመዘን የሚነሣ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ መሣሪያው ምን ሰጠው? እርሱስ ምን ለማግኘት ምን ተወ? ጊዜውን የወሰነውስ ማን ነበር? የእነዚህን መልስ ሳይዝ የሚፈርድ ሰው ስለ ሥዕሉ የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሠሪው የተናገረው ግን ግምት ብቻ ነው። የተማሪውን ወረቀት የሚያርም መምህርም፣ የበታቹን ሥራ የሚመረምር ሹምም ይህን ሚዛን ከጨዋታ አዳራሽ ውጭ ቢወስደው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም ብለን እናምናለን።