«ቃሏ ይበቃል»፤ የትኛው ቃሏ?

«አስወረዳት» እና «አስወረደች» ግሳቸው አንድ ነው፤ የተለወጠው ባለቤቱ ነው። የመጀመሪያይቱ ነገሩ የደረሰባት ናት፤ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይጠይቃታል፣ «እግዜር ይተካልሽ» ይላታል። ሁለተኛይቱ አድራጊ ናትና ጠያቂ የላትም። በደባርቅ ወይም በዳባት ደጋ ደም እየፈሰሳት ጤና ጣቢያ የደረሰች ሴት «እንስራ ተሸክሜ ወድቄ አስወረደኝ» ብትል፣ ለማስወረድ እንዶድ የጠጣችው እሷው ብትሆን እንኳ፣ ዋሸች ለማለት አልቸኩልም። ከሁለቱ ሰዋስዎች የምትኖርበትን መረጠች።

ስለ ውርጃ ስንከራከር አንዳችን ሕይወት፣ ሌላችን መብት እንላለን። ሕጋችን የቆመው ግን ቃል ላይ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በር የሚከፍተው ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድ አደጋ ሲኖር ብቻ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 አስገድዶ መደፈርን፣ የዘመድ ሩካቤን፣ የፅንሱን የማይድን ከባድ ጉድለት፣ የሴቲቱን አካል ጉዳት፣ የአእምሮ ችግርና ለአካለ መጠን አለመድረስ ጨመረ። ቀጥሎም አንቀጽ 552 ተደፍራ ወይም ከዘመድ ፀንሳ እንደሆነ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ ነው አለ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የ1998 መመሪያም ስለ ዕድሜዋ የምትናገረውን ተቀበሉ፣ ማስረጃ አትጠይቁ ይላል። የሴት ምስክርነት «ማን አየ?» እየተባለ በሚናቅበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገር ግን የሚበቃው የትኛው ቃሏ ነው? «ተደፈርኩ» ካለች በሩ ይከፈታል። «አምስት ልጆች አሉኝ፣ መሬቱ አልበቃን አለ» ካለች አይከፈትም፤ አንቀጽ 550 ለከፋ ድህነት የሚሰጠው ቅጣት ማቅለል ብቻ ነው። ሕጉ ሴቲቱን ያምናል፤ የሚያምናት ግን እሱ ያዘጋጀላትን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ነው። እውነቷን ይዛ የመጣችው ድሃ ወይ ሌላ ታሪክ ትማራለች፣ ወይ ወደ እንዶዱ ትመለሳለች።

ጎንደር በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙም የማይነሳ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር ጤና መኮንኖችን አሠለጠነ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መመሪያው አገልግሎቱን ለሐኪም ብቻ ሳይተው ለጤና መኮንኖች፣ ለነርሶችና ለአዋላጆች መፍቀዱ የዚያው አስተሳሰብ ልጅ ይመስለኛል። በአገር አቀፍ ጥናቶች ግምት በጤና ተቋም የተፈጸመው ውርጃ እ.ኤ.አ. በ2008 ከጠቅላላው 27 በመቶ ነበር፤ በ2014 53 በመቶ ደረሰ። የቀረው ግማሽ ያህሉ ከተቋም ውጭ ነበር።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ዳባት ወረዳ ጭና ውስጥ የትግራይ ተዋጊዎች ሴቶችንና ታዳጊዎችን እንደደፈሩ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። ለእነዚህ ሴቶች አንቀጽ 552 በልካቸው የተሰፋ ይመስላል፤ ሌላ ታሪክ መማር አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀው ያ አንድ ቃል መንደሩ እንዳይወጣ የሚፈልገው ቃል ነው። የተናገረች ትታከማለች፣ ያላገባች ከሆነች ግን ማን ያገባታል? ቃሉን ማመን ለሕግ ቀላል ነው። መናገሩ የወደቀው እሷ ላይ ነው።

ሌላም ሰሚ አለ። «ነፍሰ ጡር» የሚለው ቃል ጾረ፣ ተሸከመ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ውርጃን ነፍስ ማጥፋት ትለዋለች። ስለዚህ ለነርሷ «ተደፈርኩ»፣ ለባሏ «አስወረደኝ» ያለች ሴት በጾም ወራት ወደ ነፍስ አባቷ ትሄዳለች። እሳቸው መመሪያውን አያውቁትም፣ ማስረጃም አይጠይቋትም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አባቴ፣ አስወረድኩ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ስንት ስግደት እንደሚሆን ያስባሉ።